ያልተነፋ ዱቄት

ረቡዕ ነበር፤ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሃያ። ሰዓቱን እንዲህ አስተካክዬ የማስታውሰው የወፍጮ ቤቱ የግድግዳ ሰዓት ቆሞ ስለነበር ነው። ባትሪውን ቀይሬ፣ ሦስት ከሃያ ላይ ሞልቼው፣ ገና ከወንበሩ ሳልወርድ ገባች። ስለዚህ መጀመሪያ ያየኋት ከላይ ወደ ታች ነው። ከዚያ ቀን በኋላ እንደዚያ አይቻት አላውቅም።

ያኔ ሠላሳ አራት ዓመቴ ነበር። ሰፈሩ «ነጩ» ይለኛል፤ ቅንድቤና ሽፋሽፍቴ ሳይቀር ዱቄት ለብሶ ስለሚውል። ትምህርት ቤት የገባሁት ሁለት ዓመት ብቻ ነው። ቀሪውን ንባብ የተማርኩት ከጆንያ ላይ ጽሑፍና ሰው ዕቃ ጠቅልሎ ከሚጥለው አሮጌ መጽሔት ነው። እሷ ፋርማሲስት ነበረች፤ ኮረብታው ላይ ያለው የባለ ሰገነቱ ቤት ልጅ፣ የጡረተኛው ዳኛ ልጅ። ከዚያ ቤት እህል የሚመጣው በሠራተኛ ነበር። የቤቱ ሰው ራሱ መጥቶ ደጃችን ላይ ሲቆም ያን ቀን ገና ማየቴ ነው።

«የምትፈጨው አንተ ነህ?» አለችኝ።

«የሚፈጨው ድንጋዩ ነው፤ እኔ አጎርሰዋለሁ።»

አልሳቀችም። ግን የከንፈሯ ጠርዝ ሊስቅ ብሎ ሲመለስ አየሁ። ከቦርሳዋ የታጠፈ መሀረብ አውጥታ ሚዛኑ ላይ ዘረጋችው። ውስጡ አሥራ አንድ ፍሬ እህል ነበረ። ከስንዴ ቀጠን፣ ረዘም ያለ፤ መልኩ አመድ ሆኖ ትንሽ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ።

«ይህን ታውቀዋለህ?»

«እንክርዳድ ነው። ከስንዴ ውስጥ ለቅመን የምንጥለው። ሰው ከበላው ራስ ያዞራል፤ ይጣሉት።»

«እንክርዳድ አይደለም። ራይ ነው።» መሀረቡን ወደ ራሷ ሳብ አደረገችው፤ የምነጥቃት ይመስል። «የስንዴ ዘመድ ነው። እናቴ ጥቁር ዳቦ የምትጋግርበት። ማሰሮዋ ሥር የቀረው ይኸው ነው። ዱቄቱን ፈጭቶ የሚልክላት ወፍጮ ቤት ተዘግቷል። እሷም ካረፈች ሁለት ወሯ ነው።» መሀረቡን በፍሬዎቹ ላይ አጠፈችው። «አባዬ ማንኪያ ያነሳል፣ መልሶ ያስቀምጣል። አንድ ቀን ብቻ ‹ያ ዳቦ ቢኖር› አለኝ። ሌላ ምንም አላለኝም።»

እጇን አየሁት። የመድኃኒት ቤት ንጹሕ እጅ ነው፤ ጥፍሯ ሥር ግን የደረቀ ሊጥ ነበረ። ያልሆነላት ዳቦ ምልክት ነው። ያን ጊዜ ነው ልቤ ሸርተት ያለው፤ ፊቷን አይቼ አይደለም።

«ፈልጌ አመጣልዎታለሁ» አልኩ፤ ከየት እንደማመጣው ሳላውቅ።

ስትወጣ፣ ጥግ ተቀምጠው ዱቄት የሚነፉት አሮጊት ከወንፊታቸው ቀና አሉ። ስማቸውን ሰው ሁሉ ረስቶት «እማማ ወንፊት» ነው የሚላቸው። መሬት ከወደቀች አንዲት ፍሬ አንስተው በፊት ጥርሳቸው ሰበሯት፤ አላመጡ።

«እህሉስ አያዞርም» አሉ። «አንተን ያዞረህ ሌላ ነው።»

*

እህል ነጋዴዎቹ ሳቁብኝ። አንዱ ገብስ ሰጠኝ፤ አንዱ አጃ ሰጠኝና «ለፈረስህ ነው?» አለኝ። በሁለተኛው ሳምንት እሑድ አንድ ጭነት አውራጅ በነገረኝ መሠረት በአውቶቡስ ሦስት ሰዓት ሄጄ፣ ከመንገዱ ወርጄ አንድ ሰዓት በእግሬ ወጥቼ፣ ቁልቁለት ላይ ከሰው ቁመት የበለጠ ቀጭን አዝመራ ሲወዛወዝ አገኘሁ። ባለቤቱ ገበሬ አጥር ላይ ተደግፎ ሰማኝ።

«እህሉን? እህሉንማ ዶሮ ነው የሚለቅመው። እኔ የምዘራው አገዳው ረጅም ስለሆነ ለጣራ ክዳን ነው። ለመሆኑ ዶሮ ነህ?»

«አይደለሁም።»

«እንግዲያው ሚስትህ ልካሃለች።»

«ሚስት የለኝም።»

«አሃ» አለና አንድ ጆንያ ይሞላልኝ ጀመር። «ሊኖርህ ነዋ።»

ጆንያውን በአውቶቡስ ጉልበቴ ላይ ይዤው ተመለስኩ። ሰው ሁሉ ከላይ ይጫን ይለኛል፤ እኔ እምቢ አልኩ። ሰው የራሱን ሞኝነት የሚያውቀው ዘግይቶ ነው፤ እኔ ግን በዚያ አውቶቡስ ውስጥ አውቄው ነበር፤ ደስም ብሎኝ ነበር።

ራይ ተፈጭቶ ከቆየ ይመራል፤ ስለዚህ ሁለት ሁለት ኪሎ በየሳምንቱ እንድፈጭላት ተስማማን፤ ረቡዕ ረቡዕ። ለእሷ ስል ድንጋዩን አዲስ ወቀርኩት። ድንጋይ ሲሞቅ ዱቄት ያቃጥላልና፣ የዕለቱ የመጀመሪያ ፍጭ የእሷ ሆነ። የትናንቱ በቆሎ ቅሪት እንዳይገባባት ሁለት እፍኝ ራይ አስቀድሜ እለቅና እሱን ወዲያ እደፋለሁ። ይህን ሁሉ ስትሰማ «ለመድኃኒት እንኳን እኛ እንዲህ አንጠነቀቅም» አለች። ያን ቀን ሳቀች።

አንዳንድ ረቡዕ ሥራ ስለሚያስቸኩላት ባዶ ከረጢቷን ብቻ ሰጥታ ትሄዳለች፤ ከረጢቱ ውስጥ ግን ብጣሽ ወረቀት ይኖራል። የመጀመሪያው «ሁለት ኪሎ፣ እባክህ» ይላል። እኔም በጆንያ መለያ ካርቶን ላይ «ድንጋዩ ቀዝቃዛ ነው» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ወረቀቶቹ ረዘሙ። «እናቴ ሊጥ ስታቦካ ታንጎራጉር ነበር፤ እኔ ድምፄ አስቀያሚ ስለሆነ ይሆን እንዴ የማይነሳልኝ?» ብላ ጻፈች። እኔ «የእኔ ወፍጮ ከዚያ የባሰ ድምፅ አለው፣ ግን ይፈጫል» ብዬ መለስኩ። በእንደዚያ ያለ ነገር ነው የተዋደድነው። ግን ሁለታችንም አላልነውም። እሷ «አንተ» ትለኛለች፣ እኔ «እርስዎ» እላታለሁ፤ ኮረብታውም እዚያው ቦታው አለ።

አሁን ጥፋቴን ልናገር። በእኛ ሙያ ሳይነፋ የሚወሰድ ዱቄት የድሃ ነው። ፉርሽካው የከብትና የዶሮ ነው። የባለ ሰገነቱ ቤት ዱቄት እንዲያውም ሁለቴ ይነፋል። ስለዚህ የእሷን ማንም አዞኝ ሳይሆን እኔው በእጄ ነፋሁት፤ በሰፊው፣ በመካከለኛው፣ በመጨረሻም እንደ ሐር በሚያንሸራትተው ወንፊት። ለእማማ ወንፊት እንኳን አልሰጠሁም።

«ለወለደችህ እናት እንዲህ ነፍተህ ታውቃለህ?» ይሉኛል።

«እናቴ ወንፊት አልነበራትም።»

«ታዲያ አሳደገችህ አይደል?»

ያኔ አልገባኝም። ከወንፊቱ የቀረውን ፉርሽካ ልጥለው ስል እጄ እምቢ አለኝ። ወደ ቤት ወስጄ፣ በውኃና በጨው አፍልቼ፣ ጠዋት ጠዋት በላሁት። ከእሷ ጋር ከአንድ እህል እየበላሁ ነው ብዬ አስብ ነበር። ለማንም አልተናገርኩም።

*

ዳቦው ግን አልሆነም። ወረቀቶቹ እያደር ጨለሙ። «እንደገና ነጣብኝ። የእናቴ ጥቁር ነበር» አለች። ቀጥሎ «ስኳር አቃጥዬ ጨመርኩበት። አባዬ ቀምሶ ‹ይህ ከረሜላ ነው› አለ። ደግነቱ ሦስት ቃል ተናገረ» ብላ ጻፈች። ቀጥሎ «የእናቴ እርሾ እየሞተ ነው መሰለኝ። በየቀኑ ከዱቄትህ አበላዋለሁ፤ እሱም እንደ አባዬ አፉን ዘግቷል» አለች።

እኔ ምን መለስኩ? «ዱቄቱን ከዚህ የበለጠ አላምልዎታለሁ» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ወዲህ አራቴ ነፋሁት።

በሦስተኛው ወር መጨረሻ፣ ማክሰኞ፣ የወፍጮው ቺንጋ ተበጥሶ ሌላ ልገዛ በሄድኩበት መጥታ ኖሯል። እማማ ወንፊት ከረጢቱን ሲሰጡኝ ዓይኔን አላዩኝም። ወረቀቱን እስከ ዛሬ አለኝ፤ እንዲህ ይላል፦

«ወንድሜ መጥቷል። እሱ ኢንጂነር ነው፣ ሁሉን ነገር በቀን ይወስናል። አባዬ እስከ ቅዳሜ ፈልጎ ካልበላ ቤቱ ይዘጋል፤ ሁለታችንንም ወደ ከተማው ይወስደናል። ልከራከረው አልቻልኩም፤ ዓይኔ እያየ አባቴ እየቀለለብኝ ነው። እጄ የእናቴ እጅ አይደለም። የነገው የመጨረሻዬ ዱቄት ነው። ስለ ረቡዕ ጠዋቶች አመሰግናለሁ። ሌላም የምለው ነበረኝ፤ ሰው በሚሄድበት ሳምንት አይባልም።»

የመጨረሻዋን መስመር ስንት ጊዜ እንዳነበብኳት አላውቅም። እጄ ላይ ያለው ዱቄት ወረቀቱን አነጣው።

በማግስቱ ረቡዕ ገና ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ፈጭቼ ጨርሼ፣ መጨረሻዋ ነውና እንደ በረዶ ነጭ ላደርግላት፣ ጎንበስ ብዬ እነፋለሁ። ቀድማ መጣች። በሩ ላይ ቆማ ስታየኝ አልሰማሁም፤ የሰማሁት ስትጠይቀኝ ነው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

ከወንፊቱ አጠገብ ጨርቅ ላይ የተቆለለውን ነው የምታሳየኝ። ቡኒ፣ ሻካራ፣ ትኩስ አፈር የመሰለ።

«ፉርሽካው ነው። ይቅርታ፣ ገና አልጨረስኩም።»

«የማን ፉርሽካ?»

«የእርስዎ።»

ተንበርክካ አንድ እፍኝ አነሳች። ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው። ከዚያ ዓይኗን ስትጨፍን አየሁ፤ ስትጨፍነውም እንባ ከሥሩ ወጣ።

«የእናቴ ኩሽና» አለች፤ ለእኔ አይደለም ያለችው። ወደ እኔ ዞራ «ሁልጊዜ ታወጣዋለህ?» አለችኝ።

«ሁልጊዜ። ሦስቴ እነፋ ነበር፤ ከጻፉልኝ በኋላ አራቴ።» ድምፄ ውስጥ ኩራት ነበረ። ዛሬም ሳስበው ፊቴ ይግላል።

«ሦስት ወር ሙሉ» አለች ቀስ ብላ። «ሦስት ወር እጄን ስረግም ከረምኩ። ማታ ማታ እጄን እያየሁ ‹ምን ጎደለህ?› እለዋለሁ። የጎደለው እዚህ ነበር። ጥቁሩም፣ ሽታውም፣ እርሾው የሚኖርበትም። አንተ ጋ።»

«እኔ ለእርስዎ የተሻለውን...»

«የተሻለ አልጠየቅኩህም። ራይ ነው የጠየቅኩህ።»

እፍኟን መልሳ ጨርቁ ላይ አፈሰሰችው፤ አንድ ፍሬ እንዳይወድቅ ተጠንቅቃ። ዱቄቱን ሳትወስድ ወጣች። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር፤ ያ ጥንቃቄዋ ነው የገደለኝ።

እዚያው ቆሜ ቀረሁ። እማማ ወንፊት ሁሉን ሰምተዋል።

«ምን ይገትርሃል?»

«አለቀ እኮ፣ እማማ።»

«እኔ ሠላሳ ዓመት ነፍቻለሁ» አሉ፤ ወንፊታቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው። «ሰው የሚነፋው የሚያፍርበትን ነው። አንተ በዱቄቱ አላፈርክም፤ በራስህ ነው ያፈርከው። በል ያን ድንጋይ አስነሳው። አሁን እየቀዘቀዘ ያለው ድንጋዩ አይደለም።»

*

ሁለት ኪሎ አዲስ ፈጨሁ። ከድንጋዩ የወረደውን ሁሉ፣ አንዲት ቅንጣት ሳላስቀር፣ ከረጢት ውስጥ አስገባሁ። ካፖርቴን እንኳን ሳልቀይር ኮረብታውን ወጣሁ። የፊት ለፊቱን በር አንኳኳሁ።

የከፈተው ወንድሟ ነው። እንቅልፍ ያጣ ዓይን ያለው፣ ሸሚዙ በደንብ የተተኮሰ ሰው።

«የዕቃ መግቢያ በጎን ነው» አለኝ። በክፋት አይደለም፤ እንደ ልማድ ነው ያለው።

«ዕቃ ሳይሆን ጥፋት ነው የያዝኩት። ይቅርታ የሚጠየቅ ደግሞ በፊት በር ነው።»

ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ። «አንተ ነህ ‹ድንጋዩ ቀዝቃዛ ነው› እያልክ የምትጽፍላት?»

አፈርኩ። «አዎ።»

«ከመጻሕፍቷ መካከል አግኝቼ የአየር ሁኔታ መስሎኝ ነበር» አለና ዞር ብሎ ጠራት።

መጣች። ዓይኗ አብጧል። ከረጢቱን ከፍቼ አሳየኋት፤ ግራጫ፣ ጠቆር ያለ፣ ነጠብጣብ ያለበት ዱቄት።

«አልነፋሁትም» አልኩ።

ብዙ አየችኝ። ከዚያ በሩን ሙሉ በሙሉ ከፈተችው።

ኩሽናው ሰፊ ነው፤ አንድ ትልቅ ጠረጴዛና የእናቷ የተለጠፈ ማስታወሻ ያለበት ግድግዳ። እርሾው በጠርሙስ ውስጥ ነው። ከላዩ ግራጫ ውኃ አቅርሮ፣ ሥሩ እንደ ቀለም ዝቃጭ ሆኖ ተኝቷል። በመድኃኒት ሚዛኗ መዝና ከአዲሱ ዱቄት አንድ ማንኪያ፣ ለብ ካለ ውኃ ጋር አበላችው። እስከ ከሰዓት ምንም አልሆነም። ሐሙስ ጠዋት ወፍጮ ከመክፈቴ በፊት ብቅ አልኩ። ጠርሙሱን በሁለት እጇ ይዛ በሩ ላይ ጠበቀችኝ፤ ልክ እንደ ሕፃን። ፊቱ በትንንሽ ቀዳዳ ተወግቶ ነበር። አሸተትኩት፤ የበሰለ ፖም ይሸታል።

«ነቃ» አለችኝ። ሌላ ቃል አላስፈለጋትም። ሁለታችንም በዚያ ጠርሙስ ላይ ጎንበስ እንዳልን ቆየን፤ ግንባራችን ሊነካካ ትንሽ ቀርቶት።

ዓርብ ሊጡን አቦካን። ስንዴ ለምዳ ኖሯል፤ እጅጌዋን ሰብስባ በኃይል ታሸው ጀመር። ሊጡ ግን እንደ ጭቃ እስከ አንጓዋ ተጣበቀባት። በገፋችው ቁጥር ይብስባታል። ሳላስበው ከአፌ ወጣ፦

«አትሺው። ተይው።»

ቀና አለች። «ምን አልከኝ?»

«ይቅርታ፣ ይተዉት ለማለት...»

«አይ። ቅድም እንዳልከው በለው።»

«ተይው» አልኩ። «ይሄ እህል እንደ ስንዴ አይለጠጥም። ብታሺውም ባታሺውም ያው ነው። ውኃውን ይጠጣ፣ ይቀመጥ፣ ራሱ ይነሳል።»

«አንተ ዳቦ ጋግረህ አታውቅም። ይህን ከየት አመጣኸው?»

ከዚህ በኋላ መደበቅ አልቻልኩም። «ፉርሽካውን ጠዋት ጠዋት አፍልቼ ስበላ ነው ጠባዩን ያወቅኩት።»

«ሦስት ወር ሙሉ?»

«መጣል አልሆነልኝም።»

«ለምን?»

«ካንቺ እህል የተረፈ ነዋ።»

ሊጥ የለበሱ ሁለት እጆቿን ወደ እኔ ዘረጋች። ጨርቅ በውኃ ነክሬ ጣቶቿን አንድ በአንድ ጠረግኩላት፤ ከትንሿ ጀምሬ። ሲያልቁ ጣቶቹ ዐሥር ብቻ መሆናቸው አሳዘነኝ።

ከሰዓት በኋላ ዳቦው ከምድጃ ወጣ፤ ጥቁር፣ ከባድ፣ ጀርባው እንደ ደረቀ ማሳ የተሰነጣጠቀ። ወንድሟ ሽታው ስቦት ቢላ ይዞ መጣ። እሷ የእናቷን ማስታወሻ አሳየችው፤ «እስከ ነገ አትቁረጪው፤ ትኩሱ ውስጡ ሙጫ ነው» ይላል።

«ዳቦ ነው ወይስ ሕመምተኛ?» አለ ወንድሟ። «ደግሞ ይተኛ ነው የምትሉት?» ግን ቢላውን አስቀመጠ። ኮሪደሩ ላይ አራት ሻንጣ ተደርድሮ ነበር። ስወጣ በመካከላቸው ማለፍ ነበረብኝ፤ አንዱ በእጀታው ላይ የእሷ ሰማያዊ ሻርፕ ታስሮበታል። ሌሊቱን ሙሉ ዓይኔ ውስጥ ያደረው ዳቦው ሳይሆን ያ ሻርፕ ነው።

*

ቅዳሜ መኪናው የታዘዘው ለስድስት ሰዓት ነው። እኔ አራት ሰዓት ላይ ደረስኩ፤ ታጥቤ፣ የታጠበ ሸሚዝ ለብሼ። ወደ ኩሽናው ልገባ ስል እጅጌዬን ይዛ ወደ ምግብ ቤቱ መራችኝ። ጠረጴዛው ላይ አራት ሳህን ነበረ።

«ተቀመጥ» አለችኝ።

«እኔ እዚያ ሆኜ ብሰማ ይሻላል።»

«ካልሆነም አብረን ነው የምናየው። ተቀመጥ።»

ዳኛው በወንድ ልጃቸው ክንድ ተደግፈው ወረዱ። ረጅም ሰው ነበሩ፤ ኮታቸው ግን ከሰው ላይ ሳይሆን ከመስቀያ ላይ የተንጠለጠለ ይመስል ነበር። እሷ ቆረጠች፤ ስስ አድርጋ። ቢላው ሲገባ የተሰማው ድምፅ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ። ቁራሹን ከፊታቸው አስቀመጠችና እጇን ከጠረጴዛው በታች ደበቀች። እጇ ከጠረጴዛው በታች የእኔን እጅ አገኘ፤ ፈልጎት ይሁን ሳይፈልገው አልጠየቅኳትም።

ዳኛው ቁራሹን አነሱ። አላሸተቱትም። ቆረስ አድርገው አፋቸው ውስጥ ጨመሩ፤ አኘኩ። ብዙ አኘኩ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሽማግሌው ሲውጡ በአንገታቸው አየነው።

«ቅቤ የለም?» አሉ።

ተነስቶ ቅቤ ያመጣው ወንድሟ ነው። የመጀመሪያውን ቁራሽ ጨረሱ፤ ሁለተኛውን ራሳቸው ጎትተው ወሰዱ። ወንድሟ ወደ መስኮቱ ሄዶ ጀርባውን ሰጥቶን ቆመ፤ ትከሻው ብቻ ይንቀሳቀሳል።

«እስከ ዛሬ ይሄ ዱቄት የት ነበር?» አሉ ዳኛው።

ወንበሬ ላይ ቀና አልኩ። «እኔ ጋ ነበር ጋሼ። ፉርሽካውን እያወጣሁ ነበር የምሰጣት።»

«ለምን?»

«ለዚህ ቤት ነውር መስሎኝ።»

«ፉርሽካውንስ ምን አደረግከው?»

«በላሁት።»

«በላኸው?»

«ሁሉንም።»

ቅቤ የነካውን ጣታቸውን ጠርገው ረጅም ጊዜ አዩኝ። ከዚያ ወደ ልጃቸው፣ ከዚያ ወደ እኔ፣ ከዚያ ከጠረጴዛው በታች ወዳለው ነገር፤ የዳኛ ዓይን ነው፣ የማያየው የለም።

«ስለዚህ» አሉ፣ «እኔ ስራብ የሚስቴን ዳቦ ሲበላ የከረመው ይሄ ነው።» ሳቁ። ሳቃቸው ደርቆ፣ እንደ ቆየ ማጠፊያ እየጮኸ ወጣ፤ ግን ሳቅ ነበር። «ጥፋተኛ ነህ። የበላኸው እስኪተካ ድረስ ቅዳሜ ቅዳሜ እዚህ ወንበር ላይ ትቀመጣለህ።»

«ይግባኝ አለው?» አለ ወንድሟ ከመስኮቱ፤ ፊቱን ሳያዞር።

«የለውም።»

ስድስት ሰዓት ላይ መኪናው በር ላይ ጡሩምባ ነፋ። ወንድሟ ወጥቶ ባዶውን መለሰው። ሲገባ አንድ ሻንጣ አንስቶ ወደ ላይ ወጣ፤ ሰማያዊ ሻርፕ ያለበትን።

እስከ በሩ ሸኘችኝ። ደረጃው ላይ፣ ፀሐዩ መሀል ቆምን።

«አንድ ጊዜ ብቻ ብትጠይቀኝ ኖሮ» አለችኝ። «‹ልንፋው ወይስ ልተወው?› ብትለኝ።»

«ሻካራ ነገር ካንቺ ፊት ማቅረብ ፈራሁ።»

«እኔ እኮ ያን ሁሉ መንገድ ወርጄ የመጣሁት ሻካራውን ፍለጋ ነው» አለች። «ያንን ወረቀት አስታወስከው? ‹ሌላም የምለው ነበረኝ› ያልኩህን?»

«አስታውሳለሁ።»

«አሁን አልሄድኩም። ስለዚህ ይባላል።»

ግን አላለችውም። አውራ ጣቷን አንስታ ቅንድቤ ላይ አሳረፈች፤ ታጥቤም ያልለቀቀውን ዱቄት ቀስ ብላ ጠረገችው። ዓይኔን ጨፈንኩ። ከዚያ ጣት ሥር፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቴ፣ ምንም ሳላወጣ ሳላስቀር እንዳለሁ ቆምኩ።

*

ዳኛው ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ከሰባት ወር ኖሩ። እኔና እሷ ሃያ አንድ ዓመት አብረን ኖርን፤ ረቡዕ እፈጫለሁ፣ ዓርብ ትጋግራለች፣ ቅዳሜ እንቆርጣለን። አንድ ዳቦ ለሁለታችን አራት ቀን ይበቃን ነበር። እሷ ካረፈች ዛሬ አሥራ አንደኛ ወሯ ነው። እርሾውን አሁን የማበላው እኔ ነኝ። አንዱ ዳቦ ዘጠኝ ቀን ይቆየኛል።